«ዶክተር ቅቤ» ያልነው ሰው

ወተት የምታመጣልኝ ሴት ጀሪካኗን እንኳ ሳታወርድ፣ «አስካለ፣ ሰምተሻል? ዶክተር ቅቤ ዛሬ ማለዳ ሞተ» አለችኝ። ሰውየው ከከተማው ወጣ ባለችው ኦዳ ጎረቤቷ ነበር፤ ክፉ ልትናገር ፈልጋ አይደለም። ሞያሌ ላይ በእውነተኛ ስሙ ጋልጋሎ ብላችሁ ብትጣሩ ሃያ ሰው ዞር ይላል፤ ዶክተር ቅቤ ካላችሁ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ የያዝኩትን ጭልፋ አስቀምጬ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውየው ዶክተር አልነበረም፤ ቅቤም ለማንም አዝዞ አያውቅም። ስሙን ያወጣለት የከተማው ሰው ነው፣ ምክንያቱ ግን የእኔ ምላስ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለ ራሴ ሳወራ ማሳመር እንዳይቃጣኝ ብዬ ነው።

በኬንያው ሞያሌ፣ ከኬላው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከእናቴ የወረስኩት ሆቴል አለኝ። ሆቴል ይባል እንጂ ስምንት ጠረጴዛና አንድ ምድጃ ነው። ጋሽ ጋልጋሎ መጀመሪያ የመጣ ቀን ሻይ አዘዘ፣ ቀጥሎ ፍል ውሃ ለብቻው ጠየቀ። በፍል ውሃው ብርጭቆውን አንዴ አለቀለቀ፣ ደፋ፤ ሁለተኛ አለቀለቀ፣ ደፋ፤ ሦስተኛ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። ደሜ ፈላ።

«ምነው አባቴ፣ ብርጭቆዬ ውስጥ ጊንጥ አዩ እንዴ?» አልኩት።

«ፖሌ፣ እህቴ» አለ፣ በስዋሂሊ ይቅርታ መጠየቁ ነው። «ሰላሳ አንድ ዓመት ብርጭቆ አጥቤ ነው የኖርኩት። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ደግሞ አንተ በይኝ፤ አንቱ ሲሉኝ ዛሬውኑ የማረጅ ይመስለኛል።»

እዚሁ ኬንያ፣ ሶሎሎ ተወልዶ ሚሽን ትምህርት ቤት የተማረ ቦረና ነው። አማርኛውን ከኬላው ወዲያ፣ ኢትዮጵያ ካሉ አጎቱ ዘንድ ለምዶታል። በወጣትነቱ ናይሮቢ ሄዶ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ በዕቃ አጣቢነት ተቀጠረ፤ ከዚያ መመዘኑን፣ ማጣራቱን፣ ማሽኑን መጠበቁን እየተማረ ቴክኒሻን ሆነ። ፕሮፌሰሮች መጥተው ሄዱ፤ እሱ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ቆየ። ከዚያ ባለቤቱን ዳርሚን ይዞ ኦዳ ገባና ፍየል ያረባ ጀመር። ጠዋት ጠዋት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄደ ተማሪዎቹን ያለ ክፍያ ሙከራ ያሠራ ነበር። ከሰዓት በኋላ የእኔ ነው፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ።

አመል ነበረው። ሻዩ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር ማንኪያው ላይ በቢላ ጀርባ እኩል ይከረክመዋል። አንድ ሰው «አስር ገደማ ፍየል አየሁ» ካለ፣ «ገደማ የሚባል ቁጥር የለም፤ ስንት ናቸው?» ብሎ ያፋጥጠዋል። የከብት ነጋዴዎች ይስቁበታል፤ ግን እርስ በርስ ሲጣሉ ምስክር የሚያደርጉት እሱን ነው፣ ጋልጋሎ ካየ አይጨምር አይቀንስ ብለው።

አንድ ወሬ ሲጀምር ግን ያ ሁሉ ልኩን የሚያውቅ ሰው እንደ ሠርግ ቤት አዝማሪ ይሆናል። ወሬውም ላቦራቶሪ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ስላሳለፈበት ሥራ ነው።

«አስካለ፣ ወጥ ቤት እርድ አለሽ አይደል? እርድ ውስጥ ያን ቢጫ ቀለም የሚሰጠው ነገር አለ። እኛ የካንሰር ሴል ሳህን ላይ እናሳድግና ያን ቢጫ ነገር እንጨምርበታለን፤ ይሞታል! በዚህ ዓይኔ በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። ሰው ሲበላው ግን ምንም። ለምን? ውሃ አይወድም፣ አይሟሟም፤ ደም ውስጥ ሳይገባ ይወጣል። ሾልካ የገባችዋን ደግሞ ጉበት አለልሽ። ጉበት ማለት ኬላ ነው፤ ሳይፈትሽ አያሳልፍም።»

እዚህ ላይ ሻዩን ፉት ይላል። ሹፌሩም፣ ደላላውም፣ እኔም እንጠብቃለን።

«እና ፕሮፌሰሮቹ ያን ቢጫ ነገር ከስብ በተሠራች ኮሮጆ ከተቱት። ትንሽ፣ ትንሽ ኮሮጆ፤ የአንድ ጸጉርሽ ውፍረት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ናኖ ይሏታል። የካንሰር እብጠት ደግሞ ደም ስሩን በጥድፊያ ስለሚሠራ አጥሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ኮሮጆዋ በዚያ ሹልክ! በፓንያ!»

ሆቴሉ በሳቅ ይፈነዳል። ፓንያ ማለት ከኬላው ጎን በቁጥቋጦው መሀል የሚያስገባው የአይጥ መንገድ ነው፤ የሞያሌ ሰው ስኳሩም ጫማውም በየት እንደሚገባ ያውቃል። መድኃኒት በፓንያ ሲገባ የሰማነው ግን ከእሱ ነው። በየሳምንቱ እንዲደግመው እንለምነው ነበር። መጨረሻው ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም።

ታናሽ እህቴ ብርቄ አብራኝ ትኖራለች፤ ልብስ ሰፊ ናት። አስፋልቱ ገና ተሠርቶ ባላለቀበት ዓመት ጡቷ ውስጥ እብጠት አገኘች። ናይሮቢ ሄደች፤ ካንሰር ነው፣ መጀመሪያ በመድኃኒት እናሳንሰው፣ ከዚያ እንቆርጠዋለን አሏት። በየሦስት ሳምንቱ እየሄደች ቀይ ውሃ በደም ሥሯ ይሰጧት ጀመር። ከሁለተኛው ስትመለስ ጸጉሯ ረግፏል፣ አፏ ቆስሏል፣ ውሃ እንኳ አይወርድላትም። ከባሱ ደግፌ አወረድኳትና አልጋ ላይ ሳስተኛት፣ «እትዬ፣ ከዚህ በኋላ እዚያ ከምትወስጂኝ ቅበሪኝ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ነገሩ ተገለጠልኝ። ናኖ ናኖ ይሉታል እንጂ ሥራው የወጥ ቤት ሥራ ነው፤ ዋናው መላሙ ነው፣ ከዚያ በስብ መለወሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ደረቅ እርድ ገዝቼ ወፍጮ ቤት ሁለት ጊዜ አስፈጨሁ። በወንፊት ነፋሁት፣ አላረካኝም፤ በእናቴ ሻሽ ደግሜ ደጋግሜ ነፋሁት፣ ዱቄቱ አየር ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ። በለጋ ቅቤ ለውሼ እንደ ሽንብራ አድቦለቦልኩት። ከዚህ የላመ ነገር ናይሮቢም አይገኝም ብዬ ኮራሁ።

ብርቄ የእኔን ቅቤ እንደማትውጥ አውቃለሁ። ስለዚህ፣ «ጋሽ ጋልጋሎ ነው ያዘዘልሽ፤ ላቦራቶሪያቸው የሚሠራው እሱን ነው» አልኳት። እሱ ያለ ነገር ሁሉ እውነት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ትውጥ ጀመር። ሦስተኛው ቀጠሮ አለፈ። አራተኛውም አለፈ። አፏ ዳነ፣ እህል በላች፣ ጸጉሯ ለስለስ ብሎ ብቅ አለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የእኔ ልብ ያበጠውን!

ብርቄ አንድ ከሰዓት በኋላ በእግሯ እስከ ሆቴሉ መጣች። ጋሽ ጋልጋሎ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ለእሱ የነገርኩት ሕክምናው ለጊዜው እረፍት ላይ ነው ብዬ ነበር።

«ብርቄ! አማረብሽ! ቀጣዩ መቼ ነው?»

«ምን ቀጣይ አለ ጋሼ፣ አንተ ባዘዝክልኝ ተገላገልኩ እኮ!» ብላ ከቦርሳዋ ብልቃጧን አውጥታ ሰጠችው።

እኔ የሻይ ትሪ እንደያዝኩ ደረቅኩ። እሱ ብልቃጡን ከፈተ፣ አንዷን ድብልብል አወጣ፣ አሸተተ። በፊቱ ያለው ፍል ውሃ ውስጥ ጣላት። ቅቤው ቀልጦ ከላይ ሰፈፈ፤ ቢጫው ዱቄት ታች ዘቀጠ። ብርጭቆውን አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን ረጅም ጊዜ ተመለከተው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ቁጣ አልነበረበትም። ገባው። ማን እንዳላመው፣ ማን እንደለወሰው፣ በማን ስም እንደተሰጠ፣ ሁሉም ገባው።

«አዎ» አለ ለብርቄ። «እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

«ምን ማለት ነው ተሳስቻለሁ?»

«መድኃኒት አይደለም ማለት ነው። ልብስሽን ያዢ፤ ነገ በሚነሳው ባስ ናይሮቢ እንሄዳለን። እኔም እመጣለሁ።»

ብርቄ ጮኸች፣ አለቀሰች፤ ያለችውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። እሷ ስትወጣ እኔ ጓዳ ገባሁ፤ ተከትሎኝ መጣ።

«ጋሼ፣ ለምን? ልንገራት፣ አሁኑኑ ሮጬ ልንገራት» አልኩት።

«ተይ። ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ነገር ሲደፋ መጀመሪያ ይጠረጋል፤ ማን ደፋው የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን አንቺን ከጠላች ከናይሮቢ ስትመለስ ማን ያስተኛታል፣ ማን ያጥባታል? እኔ ጎረቤት ነኝ። ጎረቤት ይጠላል፣ ምንም አይደል። ደግሞ እጄ ንጹሕ አይደለም። ግማሹን ብቻ ነው ያወራኋችሁ። ሳህን ላይ ያለ ሴል ሆድ የለውም፣ ጉበት የለውም። አይጥ ላይ ስንደርስ አንዳንዶቹ ተሻላቸው፣ አንዳንዶቹ ሞቱ። የሞቱትን ከሳጥኑ የማወጣቸው እኔ ነበርኩ። ሰው ጋ ሳንደርስ ጡረታ ወጣሁ። ይህንን ሻይ ላይ አውርቼ አላውቅም። አያስቅማ።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእሱ አፍ ያመለጠው ለጨዋታ ነው፤ የእኔ ግን አውቆ ነው የዋሸው።

ናይሮቢ ድረስ ብርቄ አላናገረችውም። መንገዱ ያነጥረናል፣ አቧራው በመስኮት ይገባል፤ እሱ ከኋላችን ተቀምጦ በየማቆሚያው እየወረደ ውሃ ያመጣል። ብርቄ ከእኔ እጅ ከሆነ ትጠጣለች፣ ከእሱ ከሆነ ፊቷን ታዞራለች። ውሃውን ለእኔ ይሰጠኛል፣ እኔ ለእሷ እሰጣታለሁ። እንዲህ እያደረግን ደረስን።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። በፊት አንሶ የነበረው እብጠት መልሶ ማደጉን በሜትሯ ለካችና ፊቷ ጠቆረ። «ማነው አቁሚ ያላት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ጋልጋሎ።

«ምን ሠርተው ያውቃሉ፣ ምዜ?» አለችው፣ በስዋሂሊ ሽማግሌው ማለቷ ነው።

«ላቦራቶሪ። ሰላሳ አንድ ዓመት።»

ሐኪሟ በስዋሂሊም በእንግሊዝኛም ወረደችበት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙት ሁሉ ይሰማሉ። የላቦራቶሪ ሰው ሆነው እንዴት አያፍሩም፣ ያልተማረ ቢያደርገው አይገርመኝም አለችው። ሰላሳ አንድ ዓመት አንዲት ጠብታ ሳያዛባ የኖረ ሰው፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ልክ ነሽ ልጄ፣ ልክ ነሽ» ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። አልተናገርኩም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ እርዱ አይደለም፣ ያቺ ዝምታዬ ናት።

ከዚያ በኋላ ሕክምናው ቀጠለ። ሆቴሉን ዘግቼ ሁልጊዜ መሄድ ስለማልችል በየሦስት ሳምንቱ ይዟት የሚሄደው እሱ ሆነ። ፍየሎቹን ለዳርሚ ትቶ፣ አንድ ብርድ ልብስና ሦስት ጊዜ ያለቀለቀው ኩባያ ይዞ ይነሳል። ብርቄ በመንገድ ላይ የምትናገረው ቢኖር ስድብ ነው። «ገዳዬ መጣ?» ትለዋለች ባስ ላይ ሲወጣ። «መጣ» ይላታል፤ ብርድ ልብሱን ያለብሳታል።

ቀዩ ውሃ አልቆ ሌላ መድኃኒት ሲጀመርላት እኔም ሄጄ ነበር። ነርሷ መጀመሪያ የአለርጂ መከላከያ መርፌ ወጋቻት፣ ከዚያ አንድ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ሰቀለች። ጋሽ ጋልጋሎ መነጽሩን አድርጎ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ፊቱ እንደ ልጅ በራ።

«ብርቄ» አለ፣ «ይሄኮ የዛፍ ቅርፊት ነው።»

«ሌላ ውሸት ጀመረ» አለች ብርቄ ለእኔ፣ እሱን ሳታይ።

«ነርሷን ጠይቂያት! መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ይሄም እንደ እርዱ ውሃ አይወድም፤ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ነገር አሟሙተው ነው የሚሰጡሽ፤ ያ ነው ሰውነት የሚያስቆጣው፣ ለዚያ ነው ቅድም የወጉሽ።»

ነርሷ ከት ብላ ሳቀችና፣ «ልክ ነው፣ ምዜው ያውቃል» አለች። ብርቄ ወደ ሚንጠባጠበው ፈሳሽ ቀና ብላ አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ታዲያ ያ ኮሮጆህስ? ናኖህ?» አለችው። ከወራት በኋላ ከስድብ ሌላ መጀመሪያ ያናገረችው ይህንን ነው።

«በኮሮጆ የተደረገም አለ፣ ሌላ አገር ይሰጣሉ። እዚህ ለእኛ ገና ነው። እሱን ስንጠብቅ አንቺን እንዳናጣሽ። በጉሎ ዘይት የገባም ቢሆን ገብቷል።»

«በፓንያ ሳይሆን በኬላው በኩል በለኛ» አለች። እሱ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ እኔ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ አለቀስኩ።

እብጠቱ አነሰ፣ ተቆረጠ፣ ሕክምናው አለቀ። ብርቄ ዛሬም የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። በየዓመቱ ትመረመራለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋልጋሎም ይመስገን።

የእሱ ዕዳ ግን አልወረደለትም። ብርቄ በተናደደችበት ሰሞን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሴቶቹ፣ «በቅቤ ሊያድነኝ ነበር» ብላ ተናግራ ነበር፤ ሴቶቹ ለባሎቻቸው፣ ባሎቻቸው ለገበያው። ዶክተር ቅቤ ተባለ። ልጆች በመንገድ ይጠሩታል። ትምህርት ቤቱም ወላጆች ቅር ብሏቸዋል ብሎ ጠዋት ጠዋት መምጣቱን እንዲተው ነገረው። ያን ቀን ከሰዓት ሆቴሉ መጣ፤ ስኳሩን በቢላ ሳይከረክም ጨመረው። በጣም እንደተጎዳ ያወቅኩት በዚያ ነው።

እንድናገር ለመንኩት። «ሕክምናዋን ትጨርስ» አለኝ። ጨረሰች። «ትንሽ ትበርታ» አለኝ። በረታች። ከዚያ በኋላማ እሱም አልከለከለኝም። ብርቄ ስትስቅ ሳይ፣ ዛሬ አይሁን፣ ነገ እላለሁ። እሷም ታረቀችው፤ ለበዓል ሸሚዝ ትሰፋለታለች፣ «ዶክተር ቅቤ» ብላ በፍቅር ትጠራዋለች። እሱ «አቤት» ይላል። ሁለቱ ሲጫወቱ እያየሁ፣ ነገሩ ተረስቷል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እንደ እኔ ነው።

እንግዲህ ወተት አምጪዋ መርዶውን የነገረችኝ ዕለት ብርቄን ይዤ ኦዳ ሄድኩ። ልቡ ነው አሉ፤ ፍየሎቹን ሊያስወጣ ሄዶ በረቱ አጠገብ እንደተቀመጠ ቀረ። ወንዶቹ ከደጅ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ ከጥግ ዳርሚና ሁለት ሴት ልጆቿ። እኛ በሩ አጠገብ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀመጥን። ከከተማ የመጡት ሴቶች ስለ እሱ ያወራሉ፤ ደግ ነበር፣ ታማኝ ነበር ይላሉ። አንዷ፣ «ያቺን የቅቤዋን ነገር ባያደርግ» አለች። ብርቄም ዓይኗን እየጠረገች፣ «እሱስ አሳስቶኝ ነበር፣ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ነፍሱን ይማር» አለች።

ተነሳሁ። ድምፄን ዳርሚ እንድትሰማው ከፍ አደረግኩት።

«አላሳሳተሽም። እሱ ምንም አላዘዘም። እርዱን ያስፈጨሁት እኔ፣ በቅቤ የለወስኩት እኔ፣ እሱ ነው ያዘዘው ብዬ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ያወቀው ከእጅሽ ብልቃጡን ሲቀበል ነው። እኔን እንዳትጠዪኝ ብሎ ተሸከመው።»

ከሴቶቹ አንዷ የሰማችውን ለዳርሚ በኦሮምኛ ስትደግምላት ይሰማል። ዳርሚ ራሷን ነቀነቀች፤ ታውቅ ይሁን አትወቅ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

ብርቄ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝ። «ባስ ላይ ገዳዬ ስለው?» አለች።

«አዎ።»

«ያኔም እየሰማሽ ነበር? ሐኪሟ ስትሰድበውም?»

«አጠገቡ ተቀምጬ ነበር» አልኳት።

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብታደርገው ደስ ባለኝ። ብርቄ ግን ተነስታ ነጠላዋን ፈታችና ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ፣ አባት እንደሞተባት ሴት ለበሰችው። በሴቶቹ መሀል እየተሻገረች ሄዳ ከዳርሚ ልጆች ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ዳርሚ ቦታ ለቀቀችላት።

ከዚያ በኋላ የገቡት ለቀስተኞች ብርቄን አያውቋትም ነበር። ከናይሮቢ የመጣች ልጁ መስላቸው በየተራ ጎንበስ እያሉ እጇን ይይዛሉ፣ በአባትሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይሏታል። እሷም ለእያንዳንዳቸው አሜን ትላለች።